የባዮቴክኖሎጂ ፈጠራ አቅምን መመዘን፦ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ምን እየቆጠርን፣ ምን እየዘለልን ነው?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ላስቀድም፤ በንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ጥፋት ልጀምር፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። ከዓመታት በፊት የሁለት ዩኒቨርሲቲዎችን የባዮቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍሎች የሚገመግም ኮሚቴ አባል ነበርሁ። የተቋማቱን ስም አላነሣም፤ ለነገሬም አያስፈልግም። የመጀመሪያው ክፍል የሚገኘው በአዲስ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሦስት የፒሲአር መሣሪያዎች፣ አንድ የዘረመል ቅደም ተከተል ማንበቢያ፣ በመደዳ የተደረደሩ ጥልቅ ማቀዝቀዣዎች አየን። የቅደም ተከተል ማንበቢያው የመጣበት የፕላስቲክ ሽፋን ገና አልተነሣለትም ነበር። ከመካከላችን አንዱ ምክንያቱን ቢጠይቅ «ሥልጠናው ሊሰጥ ነው» የሚል መልስ ተሰጠው፤ እኛም አለፍን።

ሁለተኛው ክፍል ከአንድ የእርሻ ኮሌጅ ጀርባ ባለ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ነበር። ያረጀ አውቶክሌቭ፣ ሁለት የቤት ፍሪጆችና ከባቄላ፣ ከሽምብራና ከምስር ሥር የተለዩ የራይዞቢየም ባክቴሪያዎች ስብስብ ይዟል። ራይዞቢየም ከጥራጥሬ ተክሎች ሥር ጋር ተጎዳኝቶ የሚኖር፣ በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ተክሉ ሊመገበው ወደሚችል መልክ የሚለውጥ ባክቴሪያ ነው። ጥሩ ዝርያው ተመርጦ፣ ተራብቶ፣ ከዘር ጋር ታሽቶ ሲዘራ ባዮ ማዳበሪያ እንለዋለን። ስብስቡን የሚጠብቁት በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ቴክኒሻን ነበሩ። እያንዳንዷ ብልቃጥ ከየትኛው ወረዳ፣ ከማን ማሳ፣ በምን ዓይነት አፈር ላይ ከበቀለ ተክል እንደተገኘች በእጅ የጻፉት መዝገብ አላቸው። አውቶክሌቩ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ብጠይቃቸው፣ ራሳቸው መሆናቸውን እንደ ተራ ነገር ነገሩኝ። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎችም የመዝሪያው ወቅት ሲደርስ ባዮ ማዳበሪያ የሚወስዱት ከዚያች ቤት ነበር።

የያዝነው ቅጽ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። ስንት የሦስተኛ ዲግሪ ምሩቃን አሉ? ስንት መሣሪያ፣ በስንት ብር? ስንት ጽሑፍ በዓለም አቀፍ መጽሔት ታተመ? ስንት ፓተንት ተመዘገበ? የመጀመሪያው ክፍል ከፍተኛ ነጥብ አገኘ። ሁለተኛው የዚያን ግማሽ ያህል እንኳ ለማግኘት ተቸገረ። በውጤቱ መሠረት የመጀመሪያው የዶክትሬት መርሐ ግብር ተፈቀደለት፤ ሁለተኛው «ለማጠናከር» በሚል ከሌላ ክፍል ጋር ተዋሐደ። ቴክኒሻኑ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወሩ። ፍሪጆቹ ሲነሡ ብልቃጦቹ የትም አልተወሰዱም። ይህን ሁሉ የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ በግምገማው ሪፖርት የመጨረሻ ገጽ ላይ ግን ከአራት ፊርማዎች አንዱ የእኔ ነው።

ታዲያ ምን ስንመዝን ነበር? ይህን ለመመለስ ቃላቱን ማጥራት ይጠይቃል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በሚጠቀምበት ትርጓሜ፣ ባዮቴክኖሎጂ ማለት ዕውቀትን፣ ዕቃንና አገልግሎትን ለማስገኘት ሳይንስንና ቴክኖሎጂን በሕያዋን ነገሮች፣ በአካሎቻቸውና በውጤቶቻቸው ላይ መተግበር ነው። ትርጓሜው ሰፊ ነው፤ የዘረመል ምሕንድስናን ብቻ ሳይሆን የቲሹ ካልቸርን፣ የእርሾ ሥራንና ያንን የቆርቆሮ ቤት ፍሪጅ ጭምር ያቅፋል። ስለ ፈጠራ ደግሞ በመጀመሪያ በ1992 የታተመውና በ2018 አራተኛ እትሙ የወጣው የኦስሎ መመሪያ አለ። በዚህ መመሪያ መሠረት አንድ ነገር አዲስ ወይም የተሻሻለ ስለሆነ ብቻ ፈጠራ አይባልም፤ ለተጠቃሚ የቀረበ ወይም ሥራ ላይ የዋለ መሆን አለበት። ልብ በሉ፣ ይህ የገበሬ ወይም የነጋዴ ቅሬታ አይደለም፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ራሳቸው የተስማሙበት መስፈርት ነው። እኛ ግን የፈጠራ አቅምን እንለካለን ብለን የምንቆጥረው ፈጠራ ከመሆኑ በፊት ያለውን ነገር ነው፤ ሰው፣ ዕቃ፣ ወረቀት።

ፓተንት መቁጠርን ከየት እንደወረስነው ማወቅ ይጠቅማል። በ1973 ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች፣ አንዱ ከስታንፎርድ፣ ሌላው በሳን ፍራንሲስኮ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ የአንድን ሕያው ዘረመል ቆርጦ በባክቴሪያ ውስጥ የማባዛትን ዘዴ አሳዩ። ስታንፎርድ ያመለከተበት የመጀመሪያው ፓተንት በ1980 ተሰጠ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት፣ ዩኒቨርሲቲዎች በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ባገኙት ግኝት ላይ የባለቤትነት መብት እንዲይዙ የሚፈቅደውን የቤይ ዶል ሕግ አወጣ። የኮኸንና የቦየር ፓተንቶች ዘመናቸው እስኪያበቃ ድረስ ለሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ 255 ሚሊዮን ዶላር አስገኙ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮ ከፈተ፤ የግምገማ ቅጽም «የፓተንት ብዛት» የሚል መስመር አበጀ። ከእንደዚህ ዓይነት ቢሮዎች አብዛኞቹ የራሳቸውን ወጪ እንኳ በቅጡ እንደማይሸፍኑ ግን ብዙም አይነገርም። አንድ ጊዜ የወጣን ዕጣ መለኪያ ማድረግ ይህን ይመስላል።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመርበታል። ስለ ፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1995 የዕፅዋትና የእንስሳት ዝርያዎችን በፓተንት ከሚጠበቁ ነገሮች ውጭ ያደርጋቸዋል። የዕፅዋት አዳቃዮች መብት የሚታየው በሌላ ሕግ ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲዎቻችን ትልቁ የባዮቴክኖሎጂ ሥራ የሰብል ማሻሻያ ሆኖ ሳለ፣ ቅጻችን የዚያን ሥራ ፍሬ ሕጉ ፈጽሞ ሊመዘግብ በማይችልበት ሣጥን ውስጥ ይፈልጋል። ዜሮ ያገኛል፤ ዜሮውንም እንደ ድክመት ይጽፋል።

የፓተንት መኖርም ቢሆን የፈጠራ መኖርን አያረጋግጥም። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከጤፍ ዱቄት ጋር በተያያዘ የአውሮፓ ፓተንት ይዞ መቆየቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ያ ፓተንት የፈጠራ ይዘት የለውም ብሎ በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው። በእነዚያ ዓመታት ፓተንት የሚቆጥር መዝጋቢ ቢኖር ኖሮ ኩባንያውን ባለፈጠራ፣ እናቶቻችንን ደግሞ ምንም ያልፈጠሩ ብሎ በጻፈ ነበር።

አሁን ወደ እንዶድ ልውሰዳችሁ፤ ረዘም ላደርገውም አስባለሁ። ስለ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ አቅም ከየትኛውም መመሪያ ይልቅ የተማርሁት ከእንዶድ ነው።

እንዶድን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም፤ ነጠላ ያጠበ ያውቀዋል። በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ በዐድዋ የብልሃርዝያን በሽታ ያጠና ነበር። ብልሃርዝያን የሚያመጣው ትል የዕድገቱን አንድ ክፍል የሚያሳልፈው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ነው። አክሊሉ በአንድ ወንዝ ዳር ሲሄድ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከተ። ሴቶቹ ልብስ ሲያጥቡ የኖሩበት፣ ቀንድ አውጣውም ሲሞት የኖረበት ዘመን ረጅም ነው። ሁለቱን ያገናኘው ግን ስለ ትሉ የዕድገት ዑደት ያጠና፣ ዓይኑንም ከወንዙ ያላነሣ ሰው ነው። ይህ የመጀመሪያው አቅም ነው፤ ከአካባቢው ኑሮ ውስጥ ጥያቄ የማውጣት አቅም። የትኛው ቅጽ ይለካዋል?

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በአክሊሉ ለማ ስም የሚጠራው ነው። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉት ባልደረባቸው ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ አወዳድረው፣ ዓይነት 44 የተሰኘውን ኃይለኛ ዝርያ ለዩ። በዐድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው የመከላከል ሥራ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የብልሃርዝያ ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ምልከታው፣ የዝርያ መረጣው፣ የመስክ ሙከራው፣ ተጠቃሚው ሕዝብ፤ ሰንሰለቱ እስከዚህ አልተበጠሰም። በዚያን ዘመን ይህን የመሰለ ሥራ ያሳየ ተቋም በየትኛውም የዓለም ክፍል ቢገኝ የፈጠራ አቅሙ ሊጠረጠር አይገባውም ነበር።

የተበጠሰው ከዚህ በኋላ ነው። አንድን ንጥረ ነገር በሕዝብ መጠጥ ውሃ ውስጥ ለመጨመር ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ያለው የመርዛማነት ጥናት ያስፈልጋል። ይህን ጥናት የሚያካሂደው ቤተ ሙከራ በተወሰነ ደረጃ የተደራጀና ዕውቅና ያለው መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ በአገራችን አልነበረም፤ በራሳችን ሳይንቲስቶች የተገኘው ውጤትም በውጭ ያሉ ባለሥልጣናትን ለማሳመን አልበቃም። ክርክሩ ዓመታትን ፈጀ። በመካከሉ ብልሃርዝያን የሚፈውስ እንክብል ወጣ፤ የዓለምም ትኩረት ከቀንድ አውጣው ወደ እንክብሉ ዞረ። አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ሽልማት አገኙ፤ በዚያው ዓመት ከተሸለሙት ሌላው ኢትዮጵያዊ የዘር ባንኩ መላኩ ወረደ መሆናቸውን በነካ እጄ ላስታውስ። ሽልማቱ የተገባ ነበር። እንዶዱ ግን የምርት መስመር ላይ አልደረሰም።

ታሪኩ አንድ ምዕራፍ ይቀረዋል። በ1990 የአሜሪካው ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ለአክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። በዚያ ወቅት ዜብራ መስል የሚባል ትንሽ ባለዛጎል እንስሳ በታላላቆቹ ሐይቆች ተራብቶ የውሃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ኦሃዮንና አካባቢዋን አስጨንቆ ነበር። እንዶድ በዚህም እንስሳ ላይ ተሞከረና ገዳይ ሆኖ ተገኘ። ዘዴው ፓተንት ወጣለት፤ የመብቱ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበውም ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ እንደ ዝርፊያ ይተረካል። ያ ስሜት ይገባኛል፤ በከፊልም እጋራዋለሁ። በ2006 ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት ተደራሽነት አዋጅ ያወጣነውም በከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ እንደ መዛኝ ሳየው ታሪኩ ሌላ ነገር ያሳየኛል። ቶሊዶ የነበረው ምንድን ነው? እንዶድ አልነበረውም። አክሊሉም የእሱ ሰው አልነበሩም። የነበረው አንድ ግኝት በደጁ ሲያልፍ ከራሱ ችግር ጋር አገናኝቶ፣ ሞክሮ፣ የሕግ ባለሙያ ጠርቶ፣ ማመልከቻ ጽፎ የማስመዝገብ ልማድ ነው። እኛ ከሃያ ዓመት በላይ የተሠራ ሳይንስ ነበረን፤ ሰንሰለቱን የሚያስቀጥለው ቀለበት ግን አልነበረንም። እነሱ ሳይንሱን ከእኛ አገኙ፤ ቀለበቱ ግን ነበራቸው። የጽሑፍ ብዛት ብትቆጥሩ አዲስ አበባ ይበልጣል። የፓተንት ብዛት ብትቆጥሩ ቶሊዶ ይበልጣል። ሁለቱም ቁጥሮች ሰንሰለቱ የት ቦታ፣ በምን ምክንያት እንደተበጠሰ አይነግሯችሁም። ለበጀት መዳቢ የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ነው፤ ያን ጊዜ የጎደለው ተጨማሪ የሥነ ሕይወት ዶክተር ሳይሆን ዕውቅና ያለው አንድ የመርዛማነት ቤተ ሙከራ ነበር።

ሰንሰለቱ ያልተበጠሰበትን ደግሞ እንይ። የጤፍ አበባ እጅግ ትንሽ ናት፤ አንድ ሺሕ የጤፍ ፍሬ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ አበባዋን ከዚያ አንጻር ገምቱት። ራሷን በራሷ ስለምታዳቅልና ስትከፈት ሰው ስላላያት፣ ጤፍን በእጅ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለብዙ ዓመታት ይታመን ነበር። በ1974 ገደማ ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ የምትከፈተው በማለዳ፣ ከ12 ሰዓት ከ45 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው አጭር ጊዜ መሆኑን ደረሱበት። ቢሮ በ2 ሰዓት ተኩል የሚገባ ተመራማሪ ዕድሜ ልኩን ላያያት ይችላል! በዚያች ሰዓት በአጉሊ መነጽር ሥር፣ በረቀቀ መቆንጠጫ ወንዴውን ነቅሎ የሌላ ዝርያ ብናኝ ማድረስ እንደሚቻል ታየ። በዚህ ዘዴ በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ዲዜድ 01-974 የተባለው ምርታማ ዝርያና ነጭነቱ የተወደደው ዲዜድ 01-196 ተዳቅለው ቁንጮ ተወለደ። ቁንጮ ለገበሬው የተለቀቀው በ2006 ነው።

ከማለዳዋ ምልከታ እስከ ቁንጮ 32 ዓመት መሆኑን አስሉ። የእኛ ግምገማ የሚካሄደው በየዓመቱ ወይም በየአምስት ዓመቱ ነው። በ1980 ወይም በ1990 የመጣ ኮሚቴ የጤፍ ማዳቀልን ሥራ ምን ብሎ ይመዝነው ነበር? ውድ መሣሪያ የለም፤ ፓተንት የለም፤ የተለቀቀ ትልቅ ዝርያም ገና የለም። ያለው ዘዴውን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ጣቢያ፣ የዘር ስብስብና በማለዳ የመነሣት ልማድ ነው። ደብረ ዘይት ደግሞ ሥራው ሲጀመር በአለማያ እርሻ ኮሌጅ ሥር ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ የምርምር ማዕከላት ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የከፍተኛ ትምህርትም ጉዳይ ነው።

በአንጻሩ ዕውቀቱ የኛ፣ ሰውም የኛ ሆኖ ሥራው በሌላ ቤት የሚሠራበት ጊዜ አለ። የጤፍ ሙሉ ዘረመል ለመጀመሪያ ጊዜ ተነብቦ በ2014 የታተመው በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ በተመራ ሥራ ነው፤ የሥራው መሪ ዘሪሁን ታደለም ኢትዮጵያዊ ናቸው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ገቢሳ እጀታ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከአለማያ ሲሆን፣ የሠሩት በሱዳንና በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። የአለማያ የፈጠራ አቅም በእነዚህ ሰዎች ላይ አለ ወይስ የለም? እኔ አለ እላለሁ፤ ነገር ግን ግማሹ ብቻ። ሰው የማብቃት አቅም አለ፤ የበቃውን ሰው ለሥራ የማሰማራት አቅም ጎድሏል። ቅጹ ሁለቱን ለይቶ መጠየቅ ይገባዋል።

ከቅርብ ጊዜ ትዝታ አንድ ምሳሌ ልጨምርና ወደ ሐሳቤ ልግባ። በ2020 መጀመሪያ ኮሮና ሲመጣ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ የመጀመሪያ ናሙናዎች ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የተላኩት። በጥቂት ወራት ውስጥ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የፒሲአር ምርመራ ማካሄድ ጀመሩ። ያ ወቅት ማንም ያላቀደው ፈተና ነበር። የሰብል ወይም የእንስሳት በሽታ ሲያጠና የቆየ ቤተ ሙከራ ሥራውን ቀይሮ የሰው ናሙና ለመመርመር መነሣት ቻለ ማለት፣ መሣሪያው ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን የሚያዝ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ታዲያ ዛሬ ልገምግም ብባል እንዴት እገመግማለሁ? በመጀመሪያ ክፍሉ ራሱ የሚመርጣትን አንዲት ሥራ ከጥያቄዋ እስከ ደረሰችበት ድረስ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ፤ ካልደረሰች የት እንደቆመች። የቆመች ሥራ ማሳየት ነጥብ ሊያስቀንስ አይገባም። ለምን እንደቆመች በትክክል የሚያውቅ ክፍል፣ ሁሉም ተሳክቶልኛል ከሚለው ክፍል የበለጠ አቅም አለው ብዬ አምናለሁ። የገዛ ራሴ ክፍል ሪፖርቶች ውስጥ «አልተሳካም» የሚል ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ይህን ስል ዲኑ ከፊት ረድፍ ፈገግ ሲሉ አያለሁ።

ከዚያ ስለ ቀናት እጠይቃለሁ። አንድ ተመራማሪ አንድ ኢንዛይም ካዘዘበት ቀን እስከ እጁ እስኪገባ ስንት ቀን ይፈጃል? ግዥው በጨረታ ነው? የውጭ ምንዛሪው ከየት ይገኛል? ኢንዛይሙ ጉምሩክ ሲደርስ ማን በበረዶ ያስቀምጠዋል? የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ለምርምር ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ሆኖ የኢንዛይሙ ጉዞ ዘጠኝ ወር ቢሆን፣ የዚያ ክፍል እውነተኛ አቅም ሦስት ወር ነው። ይህ ቁጥር ነው፤ ሊወዳደርም ይችላል፤ ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ አይቼው አላውቅም።

ስለ ቴክኒሻኖችም እጠይቃለሁ፤ ከመምህራኑ አስቀድሜ። የደመወዝ እርከናቸው፣ የሥልጠና ዕድላቸው፣ መሣሪያ የመጠገን ሥልጣን አላቸው ወይስ ዊንጮች እንዳይነኩ ተከልክለዋል? ተጠቃሚውንም ፈልጌ አነጋግራለሁ። የባዮ ማዳበሪያ ጉዳይ ከሆነ ገበሬው የራሱ መመዘኛ አለው። ተክሉን ነቅሎ በሥሩ ላይ ያለውን እባጭ በጥፍሩ ይሰነጥቃል፤ ውስጡ ቀላ ካለ ባክቴሪያው እየሠራ ነው፤ ነጣ ወይም አረንጓዴ ካለ አይሠራም። ይህ ምርመራ በሳይንስም ትክክለኛ ነው፤ ቅላቱ የሚመጣው ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከሚዛመድ ፕሮቲን ነው። አንድ መዛኝ ማሳ ወርዶ ሃያ ተክል ቢነቅል፣ ስለዚያ ዩኒቨርሲቲ የባዮቴክኖሎጂ አቅም ከሃያ ገጽ ሪፖርት የማያገኘውን ያገኛል።

የሚቀርብብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለው ግምገማ ጊዜ ይፈጃል፣ ወጪው ይበዛል፣ የመዛኙ የግል አስተያየት ይገባበታል፣ ተቋምን ከተቋም ለማወዳደርም አይመችም። እውነት ነው። ሚኒስቴሩ በመቶ የሚቆጠሩ መርሐ ግብሮችን አንድ በአንድ ተከታትሎ ሊያነጥር አይችልም፤ በጀትም በትረካ አይመደብም። ስለዚህ ቁጥር ይጥፋ አልልም። ጥቂት ቁጥሮች ይኑሩ፤ እነርሱም ማጭበርበር የሚያስቸግርባቸው ይሁኑ። የመሣሪያ ብዛት በአንድ ግዥ ያድጋል፤ መሣሪያው በዓመት የሠራበት ሰዓት ግን በአንድ ግዥ አያድግም። የጽሑፍ ብዛት ጥራት በሌለው መጽሔት በገንዘብ ይገዛል፤ የአምስት ዓመት ዕድሜ ያለው የባክቴሪያ ስብስብ አይገዛም። ክትትሉን ደግሞ በየዓመቱ በጥቂት ክፍሎች ላይ፣ በዕጣ ማካሄድ ይቻላል። የግል አስተያየት ይገባበታል ለሚለው፣ የመጀመሪያው ቅጽ ውስጥም የእኛ አስተያየት ነበረበት፤ በቁጥር ተሸፍኖ ስለነበር ነው ማንም ያልተከራከረው።

ባለፈው ዓመት ይህን አካሄድ በአነስተኛ ደረጃ የመሞከር ዕድል አግኝቼ ነበር። አንድ የማይክሮባዮሎጂ ክፍል ሄጄ፣ ከአምስት ዓመት በፊት በተመረቀች ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱ አምስት የባክቴሪያ ዝርያዎችን በስማቸው መርጬ፣ «እነዚህን አሳድጋችሁ አሳዩኝ» አልሁ። የክፍሉ ኃላፊ ደነገጡ፤ ቴክኒሻኗ ግን አልደነገጠችም። «ሳምንት ይስጡን፣ ፕሮፌሰር» አለችኝ።

በስድስተኛው ቀን ደወለችልኝ። ሁለቱ አድገዋል፤ ስማቸውም በትክክል ተረጋግጧል። ሦስቱ ሞተዋል። የሞቱት በሁለተኛው ፍሪጅ የነበሩት ናቸው፤ ከሁለት ዓመት በፊት በክረምቱ መብራት ለአራት ቀን ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም፤ ቀኑም በመዝገቡ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ዝርያ በሁለት ፍሪጅ ከፍላ እንዳስቀመጠች፣ ሁለቱን ፍሪጆችም በተለያየ የመብራት መስመር ላይ እንዳስገጠመች ነገረችኝ። ነጥቡን የሰጠሁት የዚያኑ ዕለት ነው፤ በዚያ ዓመት ከገመገምኋቸው ሁሉ ከፍተኛው ነበር።

ጥያቄ ያላችሁ ማይክሮፎኑ በስተግራ በኩል አለ፤ ከተማሪዎቹ እንጀምር።